ብዙ ድምፅ፣ ብዙ በር

የሰው ልጅ በእጁ ሥራ ታሪክ ውስጥ ሁለት ምኞቶች ጐን ለጐን ሲሄዱ ይታያሉ። አንደኛው የተበታተነውን መሰብሰብ ነው፤ ሁለተኛው የተሰበሰበውን ለይቶ ማኖር ነው። ገበሬው ምርቱን ሁሉ ወደ አንድ ቤት ያገባል፤ ነገር ግን ጤፉን በአንድ ጎተራ፣ ባቄላውን በሌላ ጎተራ ለይቶ ካላኖረው መሰብሰቡ ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ድካም ይሆንበታል። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትም እንዲሁ ነው። ደብዳቤው ሁሉ ወደ አንድ ክፍል ገብቶ፣ እያንዳንዱ ጉዳይ ግን የራሱ ፋይልና የራሱ ቁጥር ከሌለው፣ ባለጉዳዩ በደጅ ጥናት ዘመኑን ይፈጃል። መሰብሰብ ኀይል ነው፤ መለየት ደግሞ ሥርዓት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተገኙ ሥራ አይቃናም።

በዚህ ጽሑፍ ይህን አሳብ በሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ፣ ይልቁንም ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ በሚኖረው በሲንተሳይዘር ታሪክ ልንመረምረው አስበናል። ሲንተሳይዘር ማለት ድምፅን በክር ወይም በትንፋሽ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኀይል የሚያበጅ መሣሪያ ነው። ቀድሞ በእንጨትና በብረት ሣጥን ተሠርቶ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ሶፍትዌር ሆኖ፣ ክብደትም መልክም ሳይኖረው፣ በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ያድራል። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እንጠቅሳለን፤ ነገሩ በአብዛኛው የተፈጸመው በዚያ አቈጣጠር በሚጠቀሙ አገሮች ነውና።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሦስት ነገሮች መለየት ይገባናል። ዐሥር ሰዎች ዐሥር ክራር ይዘው በአንድ ጊዜ ዐሥር የተለያዩ ኖታዎች ቢመቱ፣ ኖታው ብዙ ነው፤ የድምፁ ቃና ግን አንድ ነው፤ ሁሉም ክራር ነውና። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ ቢሰለፉ ግን የኖታው ብቻ ሳይሆን የቃናውም ብዛት ይገኛል። እነዚህ አራቱ በአንድ ማይክሮፎን ፊት ቢቆሙ ድምፃቸው በአንድ በር ይወጣል፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማይክሮፎን ቢቆምላቸው ደግሞ አራት በር ይኖራቸዋል። እንግዲህ የኖታ ብዛት፣ የቃና ብዛትና የመውጫ ብዛት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የሲንተሳይዘር ታሪክ መሐንዲሶች እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ የተማሩበት ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩ ከኤሌክትሪክ ዘመን በፊት የጀመረ ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮጳ አብያተ ክርስቲያናት ይሠራ የነበረው ትልቁ ኦርጋን አንድ ቁልፍ በተነካ ጊዜ ለዚያ ቁልፍ የተመደቡት ቧንቧዎች ሁሉ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ በአንድነት ይጮኹበት ነበር። ጀርመኖች ይህን ዓይነቱን አሠራር ብሎክቬርክ ይሉታል። ተጫዋቹ ለስላሳውን ቧንቧ ከኀይለኛው ለይቶ ለማሰማት አይችልም ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ግን የኦርጋን ሠሪዎች ለእያንዳንዱ የቧንቧ ረድፍ የሚከፈትና የሚዘጋ መቆጣጠሪያ የማበጀት ልማድ እየተስፋፋላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሚፈልገውን ረድፍ ከፍቶ የማይፈልገውን ዘግቶ፣ እንደ ብዙ ሰው ሊጫወት ቻለ። በዚህ ምሳሌ ውስጥ የኋላው ዘመን ታሪክ ሁሉ እንደ ፍሬ በዘር ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል።

በ1964 አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ ከሙዚቃ ደራሲው ከኸርበርት ዶይች ጋር ተመካክሮ የሠራውን ሲንተሳይዘር በኒው ዮርክ ከተማ ለድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ አቀረበ። መሣሪያው የድምፁን ቃና እንደ ሸክላ ጭቃ ለመቅረጽ ያስችል ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖታ በላይ አይጫወትም። በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽን ሥራዎች በዚህ መሣሪያ ተጫውታ ባወጣችው ሸክላ ዓለምን ባስደነቀች ጊዜ፣ ሥራው የተፈጸመው በትዕግሥት ኀይል ነው። ካርሎስ ስምንት መሥመር ባለው የቴፕ መቅረጫ ላይ አንዱን የዜማ መሥመር ብቻውን ትቀዳለች፤ ከዚያም ተመልሳ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ታክልበታለች። መሣሪያው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ነበረው ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። ይሁን እንጂ ድካሙ አንድ ስውር ዋጋ ነበረው፤ እያንዳንዱ ድምፅ በቴፑ ላይ የራሱ መሥመር ስላለው፣ ከተቀዳ በኋላ እንኳ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ይቻል ነበር። ይህ ዋጋ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አለመሆኑን የኋላው ዘመን ያሳየናል።

በ1970ዎቹ ዓመታት የመጀመሪያው ጉድለት፣ ማለት የኖታ ማነስ፣ ተሟላ። ቶም ኦበርሃይም በ1975 ያወጣው ባለ አራት ድምፅ መሣሪያ በእውነቱ አራት ትናንሽ ሲንተሳይዘሮች በአንድ ሣጥን ተሰብስበው የተሠራ ነበር። እያንዳንዱ በየብቻው ስለሚስተካከል፣ አራቱን በአራት ልዩ ልዩ ቃና ማዘጋጀት ይቻል ነበር፤ ባንጻሩ ደግሞ አራቱን አንድ ዓይነት ለማድረግ የፈለገ ሰው አራት ጊዜ መድከም ነበረበት። በ1978 ዴቭ ስሚዝ በካሊፎርኒያ ያወጣው ፕሮፌት 5 ይህን ድካም አስቀረ። በውስጡ የገባው ትንሽ የኮምፒዩተር አእምሮ አምስቱን ድምፆች በአንድ ትእዛዝ ያስተካክላል፤ የተዘጋጀውንም ቃና አስታውሶ ይይዛል። መሻሻሉ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን አምስቱ ድምፆች በአንድ ጊዜ የሚለብሱት ልብስ አንድ ዓይነት ሆነ። አንዱን ያገኘ ሌላውን እንደሚያጣ ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

የመውጫን ነገር በመጀመሪያ በግልጽ ያስተዋሉት የከበሮ መሣሪያ ሠሪዎች ናቸው። ሮጀር ሊን በ1980 ያወጣው ኤል.ኤም. 1 የተባለው መሣሪያ እውነተኛ የከበሮ ድምፆችን በዲጂታል መንገድ ቀድቶ ያሰማ ነበር። ከበስተኋላውም ለየከበሮው የተለየ መውጫ ነበረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ከበሮ እንደ ምድር መንቀጥቀጥ ከበታች መሰማት ይፈልጋል፤ ጽናጽሉ ግን ጥርት ብሎ ከበላይ መውጣት አለበት። የድምፅ መሐንዲሱ ለትልቁ ከበሮ የጨመረው ኀይል ጽናጽሉን እንዳያደነቁረው፣ ሁለቱ በተለያየ በር ወጥተው በየራሳቸው መቆጣጠሪያ ማለፍ ነበረባቸው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታላቅ ነገር ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ነው። በጥር ወር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሙዚቃ ነጋዴዎች ትርዒት ላይ በአሜሪካ የተሠራው ፕሮፌት 600 እና በጃፓን የተሠራው ሮላንድ ጁፒተር 6 በአንድ ገመድ ተገናኝተው፣ አንዱ ሲነካ ሌላው መለሰ። ዴቭ ስሚዝና የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ በዚህ ሥራቸው በ2013 የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝተዋል። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ሚዲ ድምፅን የማይሸከም መሆኑን ነው። ሚዲ እንደ ቴሌግራም ነው፤ «ይህን ኖታ፣ በዚህን ያህል ኀይል፣ አሁን ምታ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ያደርሳል። በሴኮንድ 31,250 ቢት የሚያስተላልፈው ያው አንድ ገመድ በ16 ቻነል ተከፍሎ ነበር። ቻነሉ በፖስታ ላይ እንደሚጻፍ የሣጥን ቁጥር ነው፤ ደብዳቤው ሁሉ በአንድ መኪና ይመጣል፤ እያንዳንዱ ግን ወደ ባለቤቱ ሣጥን ይገባል።

የሣጥን ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ፣ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ብዙ ባለሣጥኖችን የማስፈር አሳብ ወዲያው ተከተለ። ካሲዮ በ1984 ያስተዋወቀው ሲ.ዜድ. 101 የተባለ ትንሽና ርካሽ መሣሪያ በአራት ቻነል አራት ልዩ ልዩ ቃናዎችን በአንድ ጊዜ ያሰማ ነበር። ነገር ግን አራቱ ሁሉ የሚወጡት በአንድ መውጫ ብቻ ነበር፤ አራት እንግዳ በአንድ በር እየተጋፋ እንደሚወጣ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ያማሃ ቲ.ኤክስ. 816 የተባለውን አቀረበ። ይህ ስምንት መሣሪያዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ የተሰለፉበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ በ1983 ከወጣው ከታዋቂው ዲ.ኤክስ. 7 ጋር የሚተካከልና የራሱ መውጫ ያለው ነበር። ስምንት ድምፅ፣ ስምንት በር ማለት ነው። ዋጋው ግን በትልልቅ ስቱዲዮዎች አቅም እንጂ በአንድ ደሞዝተኛ አቅም የሚቻል አልነበረም። በመካከላቸው የቆሙም ነበሩ። በ1987 የወጣው ሮላንድ ኤም.ቲ. 32 ስምንት ክፍሎችንና አንድ የከበሮ ክፍልን አጣምሮ በግራና በቀኝ መውጫ ብቻ ያወጣ ነበር፤ በ1988 የወጣው ኮርግ ኤም. 1 ደግሞ ለስምንት ክፍሎች አራት መውጫዎችን ሰጠ። እንግዲህ ከነዚህ ዓመታት ጀምሮ የቃና ብዛት ለድኻውም ሲደርስ፣ የመውጫ ብዛት ግን የባለጸጋ ዕቃ ሆኖ ቀረ። የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው።

ይህ ልዩነት የሩቅ አገር ሰዎችን ብቻ የነካ አልነበረም። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 ሸሞንሟናዬ የተባለውን ሥራ በዋሺንግተን ሲቀዳ፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ ሁሉንም ራሱ ነበር የተጫወተው። አንድ ሰው አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረበ የሠራው ይህ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አድማጭ አግኝቷል። በአገር ቤትም፣ ይልቁንም በ1990ዎቹ ዓመታት፣ ሙሉ ባንድ ማሰለፍ ያልቻለ ድምፃዊ አንድ ኪቦርድና አንድ ተጫዋች ይዞ በሠርግም፣ በምሽት ቤትም፣ በካሴትም ሥራውን ይሠራ ጀመር።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ያ ኪቦርድ የባስ ጊታሩን፣ የከበሮውንና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ሎሚ ሁሉ ለአንድ ሰው አሸከመው። በዚህም የብዙ ሙዚቀኞች ወንበር ባዶ ቀረ፤ ይህ በቀላሉ የሚነገር ጉዳት አይደለም። ሌላው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ኪቦርዶች መውጫቸው ግራና ቀኝ ሁለት ብቻ ስለ ነበር፣ የድምፅ መሐንዲሱ የከበሮውን ምት ለብቻው ሊያለዝብ፣ ባሱን ለብቻው ሊያጠነክር አይችልም ነበር። ሁሉንም ከፍ ወይም ሁሉንም ዝቅ ከማድረግ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ተጫዋቹ በኪቦርዱ ውስጥ ያደረገው ሚዛን ጥሩ ከሆነ ጥሩ፣ መጥፎ ከሆነም መጥፎ ሆኖ በካሴቱ ላይ ለዘላለም ይቀረጻል። እንግዲህ የዚያን ዘመን ካሴቶች «የኪቦርድ ድምፅ ናቸው» ብለን ስንነቅፍ፣ አንዳንዱ ጥፋት የተጫዋቹ ሳይሆን የበሩ ማነስ እንደ ነበር ማስታወስ ፍትሕ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ ዘመን እንሻገር። ኮምፒዩተሮች እየበረቱ ሲሄዱ፣ ቀድሞ በሣጥን ይሠራ የነበረውን ሥራ በሒሳብ ብቻ መሥራት ተቻለ። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ የተቋቋመው ሽታይንበርግ የተባለ ኩባንያ በ1996 ቪ.ኤስ.ቲ. የተባለውን ሥርዓት አወጣ። ይህ ሥርዓት ሌሎች ኩባንያዎች የሠሯቸው ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ ፕለጊን የሚባሉት፣ በዋናው የሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራም ውስጥ ገብተው እንዲሠሩ የሚፈቅድ ነበር። በመጀመሪያ የገቡት እንደ ገደል ማሚቶ ያሉ ድምፅን የሚያስጌጡ ፕሮግራሞች ናቸው። በ1999 ሁለተኛው ቪ.ኤስ.ቲ. ሲወጣ ግን ፕለጊኑ የሚዲ ትእዛዝ ተቀብሎ ራሱ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ መሆን ቻለ። በዚህ ሥርዓት አንድ ፕለጊን ከአንድ በላይ መውጫ እንዲኖረው ተፈቀደ። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ለውጥ እንደ ተፈጸመ እናስተውል። በብረቱ ዘመን አንድ ተጨማሪ መውጫ ማለት ተጨማሪ ሽቦ፣ ተጨማሪ መሰኪያ፣ ተጨማሪ ወጪ ማለት ነበር። በሶፍትዌር ግን መውጫ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ የሚመደብ ጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። የባለጸጋው ዕቃ የነበረው በር ለሁሉ በነጻ ተከፈተ ለማለት ይቻላል።

በስዊድን አገር የነበረው ፕሮፔለርሄድ የተባለ ኩባንያም ከሽታይንበርግ ጋር ተባብሮ በ1998 ሪዋየር የተባለ መንገድ አበጀ። ሪዋየር በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞችን በማይታይ ገመድ የሚያገናኝ ሲሆን፣ እስከ 64 የሚደርሱ የድምፅ መሥመሮችን ያሳልፍ ነበር፤ በኋላም ወደ 256 አደገ። ይኸው ኩባንያ በ2000 ሪዝን የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ፣ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የመሣሪያዎቹን ጀርባ አዙሮ ገመዶቹን በሥዕል አሳየ። ብዙ ወጣቶች መውጫና መግቢያ ምን እንደ ሆነ የተማሩት በዚህ ሥዕል ነው። በ2003 ደግሞ የእንግሊዙ ኤፍ.ኤክስ.ፓንሽን ቢ.ኤፍ.ዲ. የተባለውን የከበሮ ፕሮግራም አቀረበ። በዚህ ፕሮግራም ከበሮዎቹ ብቻ ሳይሆኑ፣ በተቀዱበት ክፍል ውስጥ ከላይና ከሩቅ የቆሙት ማይክሮፎኖች ድምፅ እንኳ የየራሱ መውጫ ተሰጠው። የክፍሉ አየር ራሱ በር አገኘ ማለት ነው።

የዚህ አሠራር ዋና ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው በበርሊን የሚገኘው ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ በ2002 ያወጣው ኮንታክት ነው። ኮንታክት የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆችን የሚጫወት ፕሮግራም ሲሆን፣ በአንድ ስብስብ እስከ 64 የሚደርሱ መሣሪያዎችን ይይዛል፤ መውጫዎቹንም ተጠቃሚው እንደ ፍላጎቱ ያዘጋጃል። በ2008 የወጣው የስፔክትራሶኒክስ ኦምኒስፌር ደግሞ ስምንት ክፍሎችን በአንድነት ያሰልፋል። ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ በሚታወቀን ነገር እንግለጸው።

አንድ ተማሪ የተቀዱ የክራር፣ የመሰንቆ፣ የዋሽንትና የከበሮ ድምፆችን በአንዱ እንዲህ ባለ ፕሮግራም ውስጥ አሰፈረ እንበል። ለክራሩ አንደኛውን ቻነል፣ ለመሰንቆው ሁለተኛውን፣ ለዋሽንቱ ሦስተኛውን፣ ለከበሮው አራተኛውን ይሰጣል። እያንዳንዱም ትእዛዙን በየቁጥሩ ይቀበላል። ተማሪው በዚህ ጊዜ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሆኖም ማንም ካልነገራቸው በቀር አራቱም በመጀመሪያው የግራና የቀኝ መውጫ ይወጣሉ። መሰንቆው በሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሆኖ እንዲሰማ የገደል ማሚቶ ቢጨምርለት፣ ማሚቶው ከበሮውንም ይይዘዋል፤ ምቱም ድፍርስርስ ይላል። ከበሮውን ለማጥራት ማሚቶውን ቢቀንስ መሰንቆው ይደርቃል። አንዱን ባዳነ ቁጥር ሌላውን ይገድላል።

መድኀኒቱ ሦስት ነገር ማድረግ ነው። አንደኛ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ አራት የተለያዩ መውጫዎችን መፍጠርና በስም መጥራት፤ ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መውጫውን መመደብ፤ ሦስተኛ፣ በዋናው መቅረጫ ፕሮግራም ውስጥ እነዚያን አራት መሥመሮች ከፍቶ ለየራሳቸው መቆጣጠሪያ መስጠት። ከሦስቱ አንዱ ከተዘለለ ድምፁ ወይ ተመልሶ ይቀላቀላል፣ ወይም ከነጭራሹ አይሰማም። ይህን ሲያደርግ ማሚቶው ለመሰንቆው ብቻ ይሆናል፤ ከበሮው ደረቅና ጥርት ያለ ሆኖ ይቆያል። መግቢያው በቻነል፣ መውጫው በመሥመር ተለይቶ፣ ማደሪያው ግን አንድ ሆነ። ማኅበሩ ሳይፈርስ እያንዳንዱ አባል መብቱን አገኘ።

ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ፕሮግራም ማሳደር የተፈለገበት ሌላም ምክንያት ነበር፤ ይኸውም የኮምፒዩተሩ አቅም ማነስ ነው። በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ሊደርሱበት የሚችሉት ማስታወሻ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም ነበር። የሙሉ ኦርኬስትራን ድምፅ የሚይዙት ስብስቦች ግን ከዚህ የበለጠ ስፍራ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች ብዙ ኮምፒዩተሮችን በገመድ አያይዘው፣ አንዱን ለቫዮሊኖች፣ ሌላውን ለመለከቶች ይመድቡ ነበር። በ2009 በኦስትሪያ የወጣው ቪየና ኤንሰምብል ፕሮ ይህን በመረብ ገመድ የማያያዝ ሥራ ሥርዓት አስያዘለት። ባለ 64 ቢት ፕሮግራሞች ከተስፋፉ በኋላ ግን ያ አጥር ፈረሰ።

አጥሩ ሲፈርስ ታሪኩ እንደገና ተገለበጠ። ዛሬ ብዙ ሙዚቀኞች ሁሉንም በአንድ ፕሮግራም ከማሳደር ይልቅ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ፕለጊኑን እንደገና መክፈትን ይመርጣሉ። ለአራት መሣሪያ አራት ጊዜ ይከፍቱታል። የዛሬ ኮምፒዩተር ብዙ የሥራ አንጎሎች ስላሉት፣ ሥራው ለአራት ሲከፋፈል ሸክሙ በአንጎሎቹ ላይ ይበተናል። አንዱን መሥመር ብቻ ለይቶ ማሸግም ሆነ ማንቀሳቀስ ይቀላል። ይህ አሳብ ከ1975ቱ ከኦበርሃይም ሣጥን ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢ አይስተውም፤ ባለብዙ ድምፅ አንድ መሣሪያ ሳይሆን ባለአንድ ድምፅ ብዙ መሣሪያዎች ማለት ነው። የተሰበሰበውን ኦርኬስትራ በአንድ ጊዜ ጭኖ ለብዙ ሥራ ማቆየት ለሚፈልገው ግን የቀድሞው መንገድ ዛሬም ጠቃሚ ነው። ስለዚህ አንዱን መንገድ አሮጌ፣ ሌላውን ዘመናዊ ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ሥራው የሚጠይቀውን መምረጥ እንጂ።

የቻነሉም ታሪክ በዚያው መጠን ሰፍቷል። በ2018 የሚዲ ማኅበር ባጸደቀው ኤም.ፒ.ኢ. በተባለው ደንብ፣ ቀድሞ ለአንድ መሣሪያ ይሰጥ የነበረው ቻነል ለአንድ ኖታ ይሰጥ ጀመር፤ ተጫዋቹ ሦስት ጣቶች አሳርፎ የአንዷን ጣት ኖታ ብቻ እንደ መሰንቆ ማጉበጥ ቻለ። በ2020 የወጣው ሁለተኛው ሚዲ ደግሞ 16ቱን ቻነል በ16 ምድብ አብዝቶ 256 አደረሰው። መለየት አንድ ጊዜ ከተጀመረ የሚቆምበት ድንበር ሩቅ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ለሙዚቀኞች ብቻ የሚጠቅም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የሚካፈለው ትምህርት አለ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንዲሉ፣ በአንድ በር ተደባልቆ የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይለይም፤ ቢለይም በብዙ ዋጋ ነው። ጆን ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ድምፁንና ፒያኖውን በአንድ ካሴት ላይ አንድ ላይ ቀድቶ ትቶት ነበር። በ1995 ጓደኞቹ ያን ቅጂ ወደ ሙሉ ሥራ ለመለወጥ ሞክረው፣ ድምፁን ከፒያኖውና ከካሴቱ ጩኸት መለየት ስላልቻሉ ተዉት። ሥራው ተፈጽሞ የወጣው በ2023 ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር የሰውን ድምፅ ከሌላው እንዲለይ ተምሮ ከደረሰ በኋላ ነው። አንድ ተጨማሪ ማይክሮፎን በአንድ ቀን የሚያስቀረውን ችግር፣ ዕውቀት ከአርባ ዓመት በኋላ መጥቶ ፈታው።

የእኛም ካሴቶች በመሳቢያና በመደርደሪያ ላይ እንዲሁ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ በአንድ በር የወጡ ናቸው። አዲሱ የመለየት ጥበብ ለአንዳንዶቹ ይደርስላቸው ይሆናል፤ ይህ ግን በፊት የነበረውን መልሶ ማግኘት ሳይሆን በብልሃት መገመት ነው። ዛሬ የሚቀዳው ሥራ ግን እንዲህ ያለ ግምት ሊያስፈልገው አይገባም። በሙዚቃ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ተማሪ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ላይ፣ በ1984 የትልልቅ ስቱዲዮዎች ንብረት የነበረውን ስምንት በር ያለ ተጨማሪ ሽቦ ያገኛል። የሚቀረው በሮቹን ከፍቶ ስም መስጠት፣ ሥራውም ሲያልቅ የተቀላቀለውን ብቻ ሳይሆን የተለያዩትንም መሥመሮች አብሮ ማስቀመጥ ነው። ይህን ማድረግ ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ስፍራ ይጠይቃል፤ አለማድረጉ ግን ዕዳውን ለልጆቻችን ያወርሳል።

መምህራንም ይህን ትምህርት ሲሰጡ ከመሣሪያው ስምና ከቁልፉ ቦታ ይልቅ ምክንያቱን ቢያስቀድሙ መልካም ነው። ፕሮግራሞች ይለወጣሉ፤ ሪዋየር ራሱ ሃያ ዓመት ያህል አገልግሎ ከሥራ ወጥቷል። የማይለወጠው ግን ከብሎክቬርክ ኦርጋን ጀምሮ እስከ ዛሬው ሶፍትዌር ድረስ ያየነው ሕግ ነው። ብዙዎችን በአንድ ቤት ያስገባ ሰው፣ ለእያንዳንዱ መውጫውን አብሮ ሊያስብለት ይገባዋል።